መኪናው ሲሮጥ ኔትወርኩ ለምን ይቀራል?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ መንገድ ላይ የተጻፉ ይመስላሉ። ቤት ውስጥ ደህና የነበረው ኢንተርኔት መኪና ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚለግም ነው የጠየቃችሁት። ሌሎቹን ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ዛሬ በዚሁ ላይ ልቆይ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ስልካችሁ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ በተለይ እያወራችሁ ወይም ዳታ እየተጠቀማችሁ ከሆነ፣ የሚወስነው ኔትወርኩ ነው። ከዋይፋይ ወደ ሲም ዳታ ሲያልፍ ደግሞ ስልኩ ራሱ ይወስናል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሳትሰሙት ያልፋል። ጣጣው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ከቤት ስወጣ አፑ ይደርቃል

*የምሠራው በታክሲ አፕ ነው። ጠዋት ቤት ሆኜ አፑን ከፍቼ ኦንላይን እገባለሁ። መኪናዬን አስነስቼ ከግቢ ስወጣ ካርታው ይደርቃል፣ ሥራም አይገባልኝም። ፓኬጅ አለኝ፣ ዳታም ክፍት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ነው የሚነቃው። ችግሩ ከአፑ ነው ከስልኬ? — ሹፌር፣ ከገርጂ*

ወንድሜ፣ አፑን አትሳደብ። ስልክህም አልተበላሸም። የቤትህን ዋይፋይ አልለቅ ብሎ ነው።

ነገ ጠዋት ስትወጣ የስልክህን አናት አየት አድርገው። ከበር ወጥተህ ጥግ ያለው ሱቅ ጋ ደርሰህም የዋይፋይ ምልክቷ አንድ ጭረት ይዛ ቁጭ ብላለች። ስልኩ ራውተሩን ይሰማዋል፤ ራውተሩ ግን ስልኩን በደንብ አይሰማውም። የስልክ አቅም ከራውተር አቅም ያንሳል፣ መሃል ላይ የግቢው አጥር አለ፣ በዚያ ላይ አንተ ቆርቆሮ ውስጥ ነህ። ስለዚህ የምትልከው ነገር አይደርስም፣ ስልኩ ግን ዋይፋይ አለኝ ብሎ ያምናል። ዋይፋይ አለኝ ብሎ እስካመነ ድረስ ደግሞ የአፑን ነገር ሁሉ በዚያው ይልካል እንጂ ወደ ሲም ዳታ አያዞረውም። ፓኬጅ ኖረህ አልኖረህ ያን ሰዓት ለውጥ የለውም።

ስልኩ ዋይፋዩን ሲለቅም ነገሩ ወዲያው አያልቅም። በቤትህ ዋይፋይ ላይ ስልክህ አንድ የአይ ፒ አድራሻ ነበረው፣ ሲም ላይ ሲገባ ሌላ ይሰጠዋል። የአፑ ኮምፒውተር ይህን አላወቀም። ቤት ቀይሮ ለማንም ሳይናገር እንደሄደ ተከራይ አድርገህ ውሰደው፤ ደብዳቤው የሚሄደው አሁንም ወደ ድሮው ቤት ነው። አፑ መልስ ሲያጣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ተስፋ ሲቆርጥ ከአዲስ ይገናኛል። አንተ ያን ጊዜ ዋናው መንገድ ላይ ደርሰሃል፣ ሥራውንም ሌላ ሰው ወስዶታል።

ይህን ችግር የኢንተርኔት ሰዎች ዛሬ አይደለም ያወቁት። እ.ኤ.አ. በ1996 ሞባይል አይ ፒ የሚባል መላ አውጥተው ነበር፤ ሰውየው የትም ቢሄድ ወደ መጀመሪያ አድራሻው የመጣውን የሚያስተላልፍለት ወኪል እዚያው ይቀመጥለታል። መላው ጥሩ ነበር፣ በተራ ሰው ስልክ ላይ ግን አልተለመደም። እ.ኤ.አ. በ2013 አፕል በድምፅ ለሚታዘዘው ረዳቱ ለሲሪ ሌላ ዘዴ ተጠቀመ፤ አንዱ ግንኙነት በዋይፋይም በሲምም በአንድ ላይ እንዲሄድ፣ አንዱ ሲሞት በሌላው እንዲቀጥል አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኩዊክ የሚባለው የኢንተርኔት መገናኛ ዘዴ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ግንኙነቱ የሚታወቀው በአድራሻው ሳይሆን በመለያው ስለሆነ አድራሻው ቢቀየርም ከዚያው ሊቀጥል ይችላል። ይህ ሁሉ የሚጠቅምህ ግን አፑን የሠራው ሰው ከተጠቀመበት ብቻ ነው። ስንቱ ተጠቅሞበታል? እንጃ ብዬ ልለፈው።

ለአንተ መላው ቀላል ነው። ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ዋይፋይ አጥፋ። በቃ። ትረሳለህ? እሺ፣ አይፎን ከሆነ የሞባይል ዳታ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እስከ ታች ውረድ፣ ዋይፋይ አሲስት የሚል ታገኛለህ፤ ዋይፋዩ ሲደክም በራሱ ወደ ዳታ ይሄዳል። አንድሮይድ ላይ ስሙ ከስልክ ስልክ ይለያያል፣ ግን የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋዩ ደካማ ሲሆን ወደ ሞባይል ዳታ ቀይር የሚል ነገር በብዙዎቹ አለ። ፓኬጅህን ትንሽ ይበላብሃል፣ ይህን እወቀው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ ቀን ማኪያቶ ጠጥተህ የይለፍ ቃሉን ያስገባህበት ካፌ በር ላይ መብራት ይዞህ ስትቆም ስልክህ ሳያማክርህ ዋይፋዩን ሊይዝ ይችላል። መብራቱ ሲለቅህ ያው የጠዋቱ ታሪክ ይደገማል። እንዲህ ያሉ የተጠራቀሙ ዋይፋዮችን ከስልክህ ሰርዛቸው፣ ወይም በራሱ እንዳይገናኝ አድርግ።

መደበኛ ጥሪ አይቆረጥም፣ ቴሌግራም ግን ሀሎ ሀሎ ብቻ ነው

*ከአዳማ አዲስ አበባ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ፈጣን መንገዱ ላይ መደበኛ ስልክ ስደውል ችግር የለም። በቴሌግራም ሲሆን ግን ይቆራረጣል። ሌላው የሚገርመኝ ደግሞ ሰው ሲደውልልኝ የከፈትኩት ቪዲዮ ቀጥ ይላል። ፍጥነቱ ነው እንዴ? — ሠራተኛ፣ ከአዳማ*

እህቴ፣ ፍጥነቱ አይደለም። መንገዱ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማለት በሰከንድ 33 ሜትር ገደማ። 4ጂ ሲነደፍ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ባቡር ጭምር ታስቦ ነው። 5ጂ እስከ 500 ይሄዳል። መኪና ሲሮጥ የሬዲዮ ሞገዱ ድግግሞሽ ትንሽ መዛባቱ እውነት ነው፣ ግን በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ በአንቺ መኪና ፍጥነት ቢበዛ 200 ኸርዝ ያህል ነው። የ4ጂ አንዷ የሞገድ መስመር ከጎረቤቷ በ15,000 ኸርዝ ትርቃለች። 200ዋ ምንም አታመጣም።

አሁን ከታወር ታወር እንዴት እንደምታልፊ ልንገርሽ። ስልክሽ እያወራሽ ሳለ የጎረቤት ታወሮችን ጉልበት ይለካል። የሚቀጥለው ታወር ካለሽበት በተወሰነ ልክ በልጦ ሲገኝ፣ ያ ብልጫም ለጥቂት ጊዜ ከቆየ፣ ስልኩ ለኔትወርኩ ያሳውቃል። ኔትወርኩ አዲሱ ታወር ላይ ቦታ ያዘጋጅና ስልኩን እለፍ ይለዋል። በ4ጂ መሃል ላይ ያለው ክፍተት የሰከንድ ጥቂት መቶኛ ነው፣ ጆሮሽ አይሰማውም። ለምን የተሻለ እንዳገኘ ወዲያው አያልፍም ብትዪ፣ ሁለት ታወሮች እኩል የሚደርሱበት ቦታ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ስለሚውል ነው። በጣም ቢዘገይ ደግሞ የመጀመሪያው ይጠፋበትና ጥሪው ይቆረጣል። እዚህ ሁለት መሃል ያለውን ልክ ማግኘት የኔትወርክ መሐንዲሶች የዕለት እንጀራ ነው። ሐሳቡ ራሱ አርጅቷል፤ ጥሪን ሳይቆርጡ ከታወር ታወር የማሳለፍ ዘዴን የቤል ላብስ መሐንዲስ ኤሞስ ጆል እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ፓተንት አግኝቶበታል፣ ገና በእጅ የሚያዝ ሞባይል ሳይታይ።

ታዲያ ቴሌግራም ምን ሆነ? መደበኛ ጥሪ ሲሆን ኔትወርኩ ለአንቺ ብሎ ቦታ ይይዛል። በ3ጂ ከሆነማ ስልክሽ አዲሱን ታወር ሳይዝ የድሮውን አይለቅም፣ ለተወሰነ ጊዜ በሁለቱም ነው የምታወሪው። ቴሌግራም ግን ለኔትወርኩ ተራ ዳታ ነው። አጠገብሽ ያለው ልጅ ከሚያየው ቲክቶክ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚሄደው። ዱከም ወይም ቢሾፍቱ አጠገብ ስትደርሺ የሚቀበልሽ ታወር በሰው የተጨናነቀ ከሆነ አራቱም ጭረት ሞልቶ ድምፅሽ ይቆራረጣል። ጭረቱ የሚነግርሽ የሞገዱን ጉልበት ነው፣ የወረፋውን ርዝመት አይነግርሽም። 4ጂ የሚያልቅበትና 3ጂ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ደግሞ ማለፉ ከ4ጂ ወደ 4ጂ እንደማለፍ አይቀልም፣ ጊዜ ይወስዳል። ዘግይቶ የመጣ ድምፅ በንግግር መሃል ስለማይጠቅም አፑ ይጥለዋል። ሀሎ ሀሎው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ቪዲዮው የሚቆመው በሌላ ምክንያት ነው። 4ጂ የተሠራው ለዳታ ነው። ስልክሽ ወይም መስመርሽ ቮልቴ፣ ማለት በ4ጂው ላይ በቀጥታ መደወያ፣ ከሌለው ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ከ4ጂ ወርዶ 3ጂ ወይም 2ጂ ላይ ነው የሚያነሳው። 3ጂ ላይ ከወረደ ዳታው ይንቀራፈፋል፣ 2ጂ ላይ ከወረደ ጭራሽ ይቆማል። ስትዘጊው ተመልሶ ይወጣል። ከላይ 4ጂ የሚለው ጥሪ ስታነሺ ወደ ኤች (3ጂ) ወይም ኢ (2ጂ) ከተቀየረ ነገሩ ይኸው ነው። የሞባይል ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ቮልቴ የሚል ካለ አብሪው።

ለቁም ነገር ከሆነ መደበኛ ደውዪ። የምታዪውንም ነገር ፈጣን መንገዱ ላይ ሳትወጪ አውርጂው። አንዳንዶች ስልካቸውን 3ጂ ላይ ብቻ ያስሩታል፣ መመላለሱ ይቀርላቸዋል፣ እኔ ግን ብዙ አልወደውም፤ ይረሱትና ከተማ ውስጥም በዚያው ይቀራሉ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ ብለው ለእኔ ይጽፉልኛል።

አባይ በረሃ ላይ ባትሪዬን ማን በላው?

*ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስሄድ ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ስልኬ ኔትወርክ የለም አለ። ይሁን። ግን ደጀን ወጥተንም ቶሎ አልመለሰልኝም፣ ልጆቼም ሲደውሉ አይገኝም እየተባሉ ተጨንቀዋል። ሳልነካው ባትሪውም አለቀ። — ጡረተኛ፣ ከደብረ ማርቆስ*

አባቴ፣ ባትሪዎን የበላው ፍለጋው ነው።

ከላይ የነገርኳችሁ ማለፍ የሚሠራው ሁለት ታወሮች የሚደራረቡበት ቦታ ሲኖር ነው። ሸለቆው ውስጥ ግን ገደሉ ራሱ ሞገዱን ይከልለዋል፣ አጥርና ግድግዳ ሳይሆን ድፍን ተራራ ነው መሃል ላይ የቆመው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የሚሆነውም ዘመዱ ነው፣ ያኛው ቶሎ ስለሚያልፍ አይታወቅም እንጂ። የሚቀበለው ሲጠፋ ስልክዎ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ 4ጂውን፣ 3ጂውን፣ 2ጂውን በየድግግሞሹ ያስሳል። ጠርዝ ላይ ደካማ ታወር ሲያገኝ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። በ4ጂ ስልክ የሚጮኸው ቢበዛ 0.2 ዋት ገደማ ነው፣ በድሮው 2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ ላይ ግን እስከ 2 ዋት ሊሄድ ይችላል። ባትሪዎ የሄደው በዚህ ነው።

ደጀን ላይ የዘገየበትም ምክንያት አለው። ስልኩ ሲያስስ ቆይቶ ሲያጣ ባትሪ ለመቆጠብ ፍለጋውን ያራርቀዋል። ስለዚህ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ደርሰውም እሱ በሁለቱ ፍለጋ መሃል አረፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ካገኘ በኋላም እዚህ ነኝ ብሎ መመዝገብ አለበት። እስኪመዘገብ ድረስ ኔትወርኩ የሚያውቀው መጨረሻ የነበሩበትን አካባቢ ብቻ ነው፣ ልጆችዎ ሲደውሉ እዚያ ነው የሚጠራዎት።

በሚቀጥለው ጉዞ ጎሃ ጽዮን ላይ ኤርፕሌን ሞድ ያድርጉት፣ ደጀን ላይ ያንሱት። ከረሱትም ደጀን ሲደርሱ አንዴ አብርተው ያጥፉት፤ ስልኩ ፍለጋውን ወዲያው ከአዲስ ይጀምራል። ለልጆችዎም ይንገሯቸው፣ ሲያጡዎት አጭር መልእክት ይጻፉ። ጥሪ ሰው ካላገኘ ይጠፋል፣ መልእክት ግን ኔትወርኩ ጋ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

የባቡሩ ዋይፋይ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም

*የምሠራው ፍራንክፈርት ነው፣ በፈጣን ባቡር እመላለሳለሁ። ዋይፋዩ ሁልጊዜ ሙሉ ጭረት ያሳያል፣ ግን ገጽ አይከፍትም። የራሴ ሲምም ባቡሩ ውስጥ ይደክማል። የቱን ልጠቀም? — ከፍራንክፈርት*

ሙሉ ሆኖ የሚታይህ ከራስህ በላይ ጣሪያው ላይ ያለው ራውተር ነው። እሱ ቅርብ ነው፣ ምን ይጎድለዋል። ራውተሩ ግን ኢንተርኔቱን የሚያመጣው አንተ ከምትጠቀምባቸው ከእነዚያው የስልክ ታወሮች ነው። የጀርመኑ ፈጣን ባቡር የብዙ ኩባንያዎችን ኔትወርክ በአንድ ላይ ይጠቀማል፣ ስለዚህ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይሄዳል፤ ሁሉም በሚደክሙበት ገጠር ግን እሱም ይደክማል። ያገኘውንም ለተሳፋሪው ሁሉ ነው የሚያካፍለው።

ሲምህ የሚደክመው በመስኮቱ ነው። የዘመኑ ባቡር መስታወት ሙቀት እንዳያስገባና እንዳያስወጣ ስስ የብረት ቅብ አለው፣ ቅቡ ሞገዱንም ይመልሰዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢ ኤል ኤስ የሚባለው የባቡር ድርጅት ቅቡን በሌዘር በቀጫጭን መስመር እየቆራረጠ ሞገድ እንዲያልፍ አድርጓል። የዋይፋዩ አንቴና ከጣሪያ ውጭ ስለሆነ ይህ አይነካውም። ስለዚህ ባቡሩ ሲሮጥ ዋይፋይ፣ ጣቢያ ላይ ሲቆም የራስህ ሲም ይሻላል እላለሁ።

አገር ውስጥ ላላችሁም፣ ዋይፋይ አለን የሚል አውቶቡስ ስታዩ እዚያ ያለው ሲም የገባበት ራውተር ነው። የአውቶቡሱ ዋይፋይ በረሃ ላይ ኔትወርክ አይፈጥርም። ለሱ ብላችሁ ትኬት አታስወድዱ።

ሁለት ሲም ካለኝ በራሱ ይዘላል?

*አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ የሳፋሪኮም ሲም አለኝ። መንገድ ላይ አንዱ ሲጠፋ ስልኩ በራሱ ወደ ሌላው ያልፋል? — ተማሪ፣ ከሐዋሳ*

ጥሪ ላይ ከሆንክ አያልፍም። ያ ከላይ የተባለው ሳይቆረጥ ማለፍ በአንድ ኩባንያ ታወሮች መካከል ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ሁለት ሲም ይዟል፣ ስልኩ ግን ዳታ የሚጠቀመው በተለምዶ አንተ በመረጥከው በአንዱ ነው። አንድሮይድ 14ና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ካለህ ሲም ሴቲንግ ውስጥ ዳታን በራሱ ወደ ሌላው ሲም የሚያዞር ምርጫ ፈልግ። ያም ቢሆን አድራሻህ ይቀየራል፤ የቴሌግራም ጥሪህ ትንሽ መንገጫገጩ፣ አንዳንዴም መቆረጡ አይቀርም።

ሁለቴ ከፈልኩ

*ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለረዳቱ በስልክ ገንዘብ ላክሁ። እየሄድን ስለነበር አፑ መሽከርከር ብቻ ሆነ። ረዳቱ አልገባም ሲለኝ ድጋሚ ተጫንኩ። በኋላ ሁለቱም ተቆርጧል። — ከሳሪስ*

ይሄ የሚያናድድ ነው፣ ግን እንዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። ትእዛዝህ ደርሷል፣ ገንዘቡም ተላልፏል። የጠፋው መልሱ ነው። ስልክህ ታወር ሲቀይር ወይም ከአንድ ቤት ዋይፋይ ሲላቀቅ ተሳክቷል የሚለው መልስ መንገድ ላይ ቀረ። በደንብ የተሠራ አፕ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር ይሰጥና ሁለተኛዋን ያው ናት ብሎ ይመልሳታል። ሁሉም አፕ ግን እንዲህ አያደርግም፣ አንተም የትኛው እንደሚያደርግ ከውጭ አታውቅም።

ስለዚህ ሲሽከርከር ድጋሚ አትጫን። መጀመሪያ አጭር መልእክት መጥቶልህ እንደሆነ እይ፣ ካልመጣ ቀሪ ሂሳብህን አረጋግጥ። ረዳቱ አልገባም ያለህ ምናልባት የሱም ስልክ እዚያው መኪና ውስጥ እየተጓዘ ስለሆነ ነው። ዳታህ አስቸጋሪ ከሆነ በኮከብና በመሰላል የሚደወለውን መንገድ ተጠቀም፤ እሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ጥሪ በሚያገናኘው መስመር ነው የሚሄደው። እሱም ቢሆን መሃል ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ይቋረጣል፣ ያኔም ቀሪ ሂሳብህን ሳታይ አትድገም።

አሁን ላለፈው፣ ሁለቱንም የግብይት ቁጥሮች ከመልእክቶቹ ላይ ጻፋቸው። የረዳቱ ስልክ ቁጥር አብሮ አለልህ፣ መጀመሪያ ለሱ ደውልለት፤ ብዙዎቹ ይመልሳሉ። እምቢ ካለ ሳትውል ሳታድር ገንዘቡን የላክህበት ድርጅት የደንበኞች መስመር ላይ ደውለህ ሁለተኛውን ቁጥር ንገራቸው።